የመዳፍ ስግደት

በቁሐር ሚካኤል ተቀምጦ መስገድ የቻለ ሰው ቢኖር ታይቱ ብቻ ናት። ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ እግሯን ዘርግታ፣ በመዳፏ ቁርበቱን ትመታለች፤ ጧ ይላል። ሰው ተነሥቶ እስኪቆም ያህል ትቆያለች። ደግሞ ጧ። በግራ እጇ የትናንቱን ሽንብራ ቆሎ እየቃመች፣ በቀኝ እጇ እየሰገደች አርባ አንዱን ጨርሳ ትነሣለች፤ ጉልበቷን አቧራ፣ ግንባሯን ላብ ሳይነካው። ጽድቅ እንዲህ ከቀለለ መነኮሳቱን ዋሻ ለዋሻ ምን አንከራተታቸው?

ይህ ሁሉ ክረምት ላይ የሆነ ነው። ያኔ ታይቱ በራሷ ብልሃት ለብቻዋ ስትስቅ ከረመች። አሁን ኅዳር ገብቷል፤ ሩዙ እየታጨደ ነው፤ የተሰገደላቸው ሰውዬ፣ አያቷ አያ ደሳለው፣ ከሚካኤል ቅጥር ውስጥ ካረፉ ወር አልፏቸዋል። ቅዳሜ አርባቸው ነው። የታይቱም ሳቅ ጉሮሮዋ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰንቅሯል።

ነገሩ የተጀመረው በሐምሌ መባቻ ነው። አያ ደሳለው ለንስሐ አባታቸው ለአባ ገብረ ኪዳን ኃጢአታቸውን ተናዘዙ፤ አባም አርባ ቀን፣ በየቀኑ አርባ አንድ ስግደት ቀኖና ሰጧቸው። ቅዳሜና እሑድ ስለማይሰገድ አርባው ቀን እስከ ክረምቱ ማብቂያ የሚለጠጥ ነበር። ሰማንያ ሊደፍን የቀረበ ሰው ምን ቢሠራ ነው ይህን ያህል የሚያስወድቀው ብላ ታይቱ ልቧ ሊፈነዳ ደረሰ። ድንበር ገፍተው ይሆን? ፎገራ ላይ ውኃው በየክረምቱ ድንበር ስለሚበላ፣ ሲጎድል ድንጋዩን አንድ ክንድ ወደ ጎረቤት ማስጠጋት የብዙ ሰው ፈተና ነው። ወይስ በጎልማሳነታቸው አንዲት ቆንጆ ነበረች? አንድ ቀን አላስችል ብሏት ጠየቀቻቸው።

"አባባ፣ ግን ምን አድርገው ነው?"

"አንች ልጅ፣ እኔን የምታናዝዥ መቼ ቀሰስሽ?" አሏት።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ሽማግሌው ወድቀው መነሣት አቃታቸው። ጉልበታቸው እንደ ዱባ አብጦ ከመደብ ዋሉ። አባ ገብረ ኪዳን መጥተው አዩና ስግደቱን በጸሎት እንለውጠው አሏቸው። አያ ደሳለው እምቢ አሉ። ጸሎትማ በጤናዬም እጸልያለሁ፣ ካልከበደ ምኑን ቀኖና ሆነ ብለው ሞገቱ። ክርክሩ ሲረዝም አባ፣ እንግዲያ ከቤተሰቡ ወዶ ሸክምዎን የሚጋራ ካለ ይስገድልዎ፣ እርስዎም በልብዎ አብረው ይስገዱ ብለው ቆረጡት።

"እኔ እሰግዳለሁ" አለች ታይቱ፣ አባ ገና አፋቸውን ሳይገጥሙ።

እናቷ ገላነሽ ዞር ብላ አየቻት። ይቺ ልጅ ቅዳሴ ሲረዝም በሰው ትከሻ ተደግፋ የምታንቀላፋ ናት። ዳሩ እናት የልጇን ሆድ ታውቃለች፤ ወቅቱ የሩዝ አረም ነው። እስከ ባት በሚደርስ ውኃ ውስጥ ጎንበስ ብሎ መዋል፣ ማታ ደግሞ ከእግር ላይ አልቅት መንቀል። ለአያቷ የምትሰግድ ልጅ ግን ከአረም ትቀራለች።

እውነቱን ለመናገር አልቅቱ ብቻም አልነበረም። ታይቱ ትንሽ ሳለች፣ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ሁሉ ሐይቅ ሲሆን፣ ወደ ትምህርት ቤት የሚያሻግሯት አያቷ ነበሩ። ሱሪያቸውን እስከ ጭናቸው ሰብስበው፣ እሷን ትከሻቸው ላይ አስቀምጠው፣ በከዘራቸው ጉድጓዱን እየዳበሱ ይሄዳሉ። እሷ ደግሞ ሁለት ሰማይ ታያለች፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከአያቷ እግር ሥር። ጆሯቸውን ይዛ እንደ በቅሎ ትነዳቸዋለች። "አባባ፣ ከበድኩዎ?" ስትላቸው፣ "ምንም አይል" ይላሉ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። "ዛሬ እኔ፣ ነገ አንች።" ትምህርቱ ከአምስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ይህች ቃል ግን አብራት አደገች።

እናም ሰገደች። የመጀመሪያው ሳምንት እውነተኛ ነበር። አያ ደሳለው ከመደቡ ላይ ፊታቸውን ወደ ምሥራቁ ግድግዳ አዙረው ይተኛሉ። እሷ ከጀርባቸው የቦራን ቁርበት ታነጥፋለች፤ ቦራ ሽማግሌው ያረሱበት የመጨረሻው በሬያቸው ነበር። እንዳይሳሳትባት አርባ አንድ ያልተፈተገ የሩዝ ፍሬ በጣባ አድርጋ፣ ወድቃ በተነሣች ቁጥር አንዷን ፍሬ ወደ ሌላው ጣባ ታሻግራለች። በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ ጭኗ እምቢ አለ። ለዛሬ ብቻ ብላ በመዳፏ መታች። ኃጢአት መቼም ለዛሬ ብቻ ብሎ ነው የሚገባ፤ ከገባ በኋላ መደቡን ይዞ ይቀመጣል።

ጧ ባለ ቁጥር ከመደቡ በኩል የሆነ ማጉረምረም ይሰማታል። የሽማግሌ እንቅልፍ ነው፣ ወይም የጉልበት ሕመም ነው ትላለች። ስትጨርስ አያ ደሳለው ሳይዞሩ እጃቸውን ወደ ኋላ ይዘረጉላታል፤ መዳፋቸው ላይ ሽንብራ ቆሎ አለ።

"ከብዶሽ ይሆናል" ይሏታል።

"ኧረ ምንም አይል፣ አባባ።"

"እግዜር ይስጥሽ። እሱ ያውቅልሽ።"

ታይቱም ቆሎዋን ይዛ ትወጣለች። ከደጅ ቆማ ዝናቡ ሜዳው ላይ ሲጨፍር፣ እናቷ ከሩቅ ከአረሙ ውስጥ ጎንበስ ቀና ስትል ታያለች። እዚያ ውስጥ የሚሰግደው ሰው በዝቷል ብላም ትስቃለች።

ቀኑ ሲሞላ አባ ገብረ ኪዳን እግዚአብሔር ይፍታዎ ብለው ፈቷቸው። አያ ደሳለው ቆረቡ፤ ከቆረቡ ሦስት ሳምንትም አልሞላ፣ መስከረም ሃያ ስምንት ቀን፣ ከብቶቹ ወደ ግጦሽ ሲወጡ በሩን ክፈቱልኝ ብለው፣ እያዩ አረፉ። አገሩ ሁሉ እንዲህ ያለ ሞት ለሁላችን ያድለን አለ። ታይቱ አለቀሰች፤ ግን ልቅሶዋ የልጅ ልቅሶ ነበር፤ ሌላ ነገር አልነበረበትም።

ሌላው ነገር የመጣው ኅዳር አንድ፣ እሑድ ነው። አባ ገብረ ኪዳን ስለ አርባው ዝግጅት ሊነጋገሩ መጡ፤ ጥቂት ዘመድና ጎረቤትም ተሰብስቧል። በጨዋታ መሐል አባ ስለ ነፍስ ያስተምሩ ጀመር። ነፍስ ከሥጋዋ ስትለይ መላእክት ይዘዋት የጻድቃንን ማደሪያ ያሳዩዋታል፣ የኃጥአንንም ያሳዩዋታል፤ በአርባኛው ቀን ከፈጣሪዋ ፊት ቀርባ እስከ ዕለተ ምጽአት የምትቆይበትን ቦታ ትቀበላለች አሉ።

"አያ ደሳለውስ አያሰጉም" አሉ አባ። "ቀኖናቸውን ጨርሰው ነው የሄዱ።"

ይኸኔ ታይቱ ለጎረቤታቸው ለአያልነህ ጠላ እየቀዳች ነበር። ጠላው ከዋንጫው አልፎ የአያልነህ ጉልበት ላይ ወረደ። እሱ ሐዘን ነው ብሎ አለፈው። እሷ ማድጋውን አስቀምጣ ወጣች።

ከአጥሩ ሥር ቆማ ሁሉንም አየችው። አያቷ ከዘራቸውን ተደግፈው ከዙፋኑ ፊት ቆመዋል። ቅዱስ ሚካኤል ሚዛኑን ይዟል። ስግደቱ እየተመዘነ ነው። ይኸ ምንድን ነው ይላል መልአኩ፤ ጉልበት የለበት፣ ግንባር የለበት፣ መዳፍ ብቻ። የልጅ ልጄ ናት የሰገደችልኝ ይላሉ አያ ደሳለው፣ ምንም ሳያውቁ፣ ኮራ ብለው።

ይህ ኮራ ማለታቸው ነው የገደላት።

አምስት ዓመት የተማረችው ሒሳብ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ አገኘ። ሃያ ስምንት ቀን የሷ ድርሻ ነበር። አምስቱን ቀን በእውነት ሰግዳለች። ሃያ ሦስት ቀን በአርባ አንድ ሲባዛ ዘጠኝ መቶ አርባ ሦስት። ከሰኞ እስከ ዓርብ አምስት ቀን አላት፤ ቅዳሜ ስግደት የለም፤ ቅዳሜ ፍርዱ ነው። በቀን መቶ ሰማንያ ዘጠኝ ከሰገደች ታደርሰዋለች፤ ሁለት ይተርፋል፤ ሁለቷን ምርቃት አለቻት።

ሰኞ ከሩዝ ገለባው ክምር ጀርባ መቶ ሰማንያ ዘጠኙን ሰገደች። ማክሰኞ መቶ ሃምሳ ላይ ሰማይና ምድሩ ቦታ ተለዋወጡባት። እናቷ የቀሚሷን ጉልበት ጭቃ አይታ ምን እንደሆነች ጠየቀቻት፤ ወደቅሁ አለች፤ ውሸትም አልነበረም። ከገለባው ጀርባ ያየቻት አንዲት ባልቴት ግን ወሬውን ቀድማ አዳርሳዋለች፤ ያቺ ቀዥቃዣ የገላነሽ ልጅ ለአያቷ ነፍስ ሱባኤ ይዛለች አለች። ረቡዕ ጧት መንገድ ላይ የምታገኘው ሁሉ ተባረኪ ይላት ጀመር። ምርቃቱ ከስግደቱ ባሰባት።

ረቡዕ ለተዝካሩ የሚሆነውን ሩዝ ልታስፈትግ ወረታ ከተማ ተላከች። ከመፈተጊያው አጠገብ የነጋዴው የኡመር ሱቅ አለ፤ ልጁ ሀዲያ ከታይቱ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጣ የተማረች ናት። የሰኔ ጭቃ አብረው ያቦኩ፣ የአንዷን እርሳስ ሌላዋ የሰበረች፣ እስካሁንም የተካካዱ አይደሉም። ሀዲያ ከሱቁ በር ላይ ሆና ስትመጣ አየቻት።

"ምን ሁነሽ ነው እንደ እርጉዝ ላም የምትራመጅው?"

ታይቱ ከጤፍ ጆንያው ላይ ቁጭ ብላ ሁሉንም ነገረቻት። የመዳፉ ነገር ሲደርስ ሀዲያ ሆዷን ይዛ ከመደርደሪያው ሥር እስክትገባ ሳቀች። እንባዋን ጠርጋ፣ እኔ በቀን አምስት ጊዜ እየሰገድኩ ይኸ ብልሃት ሳይታየኝ መቅረቱ፣ እማዬ ግን ከጓዳ ሆና ትሰማኛለች አለች። ከዚያ ሳቋ ቀስ እያለ ቆመ።

"የአባባ ጆሮ ግን ደኅና አልነበር?"

አያ ደሳለው ከርብ ማዶ ላም ብታገሳ የማን እንደሆነች የሚለዩ ሰው ነበሩ። ጨለማ ውስጥ የጥጃ ኮቴ ሰምተው፣ የፊት እግሯን ታማለች ይሉ ነበር። ቁርበት ላይ የሚወድቅ ሰው ጉልበቱ አለ፣ መዳፉ አለ፣ ግንባሩ አለ፤ ሦስት ድምፅ። ሃያ ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ድምፅ ብቻ ሲሰሙ ከረሙ።

እስካሁን ያስፈራት አያቷ ሳያውቁ መታለላቸው ነበር። እያወቁ እጃቸውን ወደ ኋላ ይዘረጉላት እንደነበር ግን አስባ አታውቅም።

ሀዲያ ከመደርደሪያው ቫዝሊን አውርዳ ሰጠቻት፤ ለጉልበትሽ ብላ። ሒሳብ ልትጠይቃት አላሰበችም። "ቄሱን ጠይቂያቸው" አለቻት። "እኔ ብነግርሽ ሁለታችንም ነን የምንጠፋው።"

ያን ቀን ስልሳ፣ ሐሙስ አርባ። ዓርብ ጧት ስትነሣ የቀኝ ጉልበቷ እንደ ዱባ አብጧል፤ ልክ እንደ አያቷ። አምስት መቶ አራት ቀርቷታል። ነገ አርባው ነው። የአያቷን ከዘራ ከግድግዳው አውርዳ፣ እሱን ተደግፋ ወደ ሚካኤል አዘገመች። ሜዳው ላይ የታጨደው ሩዝ በየነዶው ተኝቷል፤ በክረምት አያቷ ትከሻ ላይ ሆና ያለፈችበት ውኃ አሁን ደረቅ መሬት ሆኖ ተሰነጣጥቋል። ከዘራው የመታውን ሁሉ ያውቃል ብላ አሰበች፤ ጉድጓዱን ሁሉ።

አባ ገብረ ኪዳን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ ከወይራው ሥር ተቀምጠው መጽሐፍ ይደግሙ ነበር። ይፍቱኝ ብላ ተንበረከከች፤ ከጉልበቷ ሕመም ይሁን ከሌላው፣ ገና ሳትናገር ማልቀስ ጀመረች። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አወጣችው፤ አልቅቱን፣ መዳፉን፣ ቆሎውን፣ ዘጠኝ መቶ አርባ ሦስቱን፣ የቀረውን አምስት መቶ አራት። ስትጨርስ ቀና ብላ ጠየቀቻቸው።

"አባቴ፣ አባባ በኔ ምክንያት ይኮነናሉ?"

አባ መጽሐፋቸውን አጠፉ።

"አንደኛ፣ የሰው ፍርድ የእግዚአብሔር ነው፤ እኔም አልቀመጥበትም፤ አንችም ውረጅ ከዙፋኑ" አሏት። "ሁለተኛ፣ ስግደት ግብር አይዶለም። ይኸን ያህል ጎደለ ተብሎ ነፍስ አይያዝበት። ያዳነንስ አንድ ጊዜ በመስቀል ላይ አድኖናል። ቀኖና የታመመች ነፍስ የምትድንበት መድኃኒት ነው፤ የሚሠራውም የታመመው ሰው ልብ ላይ ነው።"

"እሳቸው ግን ሳይሰገድላቸው ተፈቱ።"

"ማን አለሽ?"

ከዚያ የነገሯት፣ በንስሐ የሰሙትን እንዳይመስላት አስጠንቅቀው ነው፤ ይኸን ያሉኝ በጨዋታ ነው፣ እየሳቁ ነው ብለው። ክረምት ላይ፣ ታይቱ የጀመረች በሁለተኛው ሳምንት፣ አያ ደሳለው አስጠሯቸው። ልጂቱ መዳፏን ነው የምታሰግደው፣ ስትቆረጥምም እሰማታለሁ አሏቸው። አባ ተቆጥተው ሊጠሯት ሲሉ ሽማግሌው እጃቸውን ያዙ። ያን እምቢ ያልኩትን፣ በጸሎት እንለውጠው ያሉኝን፣ አሁን ይስጡኝ አሉ። እሷ በመታች ቁጥር እኔ እግዚኦ ማረኝ እላለሁ፤ እሷ ቁጥሩን ትያዝልኝ፣ ልቤ ቁጥር አይዝልኝም። አባም እሺ አሉ። ሽማግሌው አርባ አንዱን በየቀኑ፣ አንድ ሳያጓድሉ ጨረሱ።

ታይቱ ያንን ማጉረምረም ሰማችው። ከሦስት ወር በኋላ፣ ከወይራው ሥር።

"ታዲያ ለምን አልገሠጹኝም?"

"እኔም ጠይቄአቸዋለሁ።" አባ ሳቅ አሉ፤ ከዚያ ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። "'ብቆጣት ወደ አረሙ ትሮጥብኛለች' አሉኝ። 'ትከሻዬ ላይ ሳለችም ጆሮዬን ትጎትተኝ ነበር፤ ከጀርባዬ ትኑርልኝ እንጅ ምንም አይል።'"

ታይቱ ግንባሯን ከመሬቱ ላይ አደረገች። ይኸ ስግደት አልነበረም፤ ፊቷን የምታስቀምጥበት አጥታ ነው።

አባ ጥቂት ከተዋት በኋላ ድምፃቸው ጠነከረ። አያትሽ ይቅር ብለውሻል፣ እሱ የሳቸው ነው፤ የታመመ ሽማግሌ ማታለልሽ፣ የሰው ምርቃት በሐሰት መቀበልሽ ግን የራስሽ ነው አሏት። ሰባት ቀን፣ በየቀኑ አርባ አንድ፣ ጉልበቷ ሲድን ጀምራ። ለአያትሽ አይዶለም፣ ለራስሽ ነው አሉ። ታይቱ እንባዋን ጠረገች። እንባዋ ሲደርቅ ጠባይዋ ተመለሰ።

"አባቴ፣ ጉልበቴ ቶሎ ካልዳነ እናቴ ብትሰግድልኝስ?"

አባ በመጽሐፋቸው ጀርባ ራሷን ቸብ አደረጓት። ከዚያ መስቀላቸውን አሳለሟት። ስትነሣ ለመጨረሻ ጊዜ ሞከረች፤ የአያቷ ኃጢአት ምን እንደነበር ጫፉን ብቻ። አባም ከዘራውን አቀብለዋት በሩን አሳዩአት።

አርባው ቅዳሜ ዋለ። ሰዉ በላ፣ ጠጣ፣ ነፍስ ይማር አለ። ታይቱን ሲመርቋት፣ ገና አልሰገድሁም አለች፤ ሰዉ ትሕትና መሰለው። ለእናቷ ግን ማታ ዕቃ እያጠበች ነገረቻት። ገላነሽም ከጥቂት ቀን በኋላ፣ የሚመጣው ክረምት አረሙ እየጠበቀሽ ነው አለቻት።

ጉልበቷ የዳነው በሁለተኛው ሳምንት ነው። ሰኞ ጧት፣ ቤቱ ባዶ ሳለ፣ የቦራን ቁርበት ከመደቡ ኋላ አነጠፈች። አርባ አንድ የሩዝ ፍሬ፣ ሁለት ጣባ። መደቡ ላይ የአያቷ ጋቢ ታጥፎ ተቀምጧል። ወደቀች፤ ጉልበት፣ መዳፍ፣ ግንባር። ተነሥታ ቆመች። በልማድ ያንን ማጉረምረም ጠበቀች፤ የሰማችው ከውጭ የከብት ድምፅ ነው። ሦስተኛው ላይ፣ ጸጥታው ስላስጨነቃት፣ ራሷ አለችው፤ እግዚኦ ማረኝ። በየውድቀቷ አለችው፤ ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ ሳትዋሽ፣ እስከ አርባ አንድ።

ስትጨርስ እጇ ሳታዝዘው ወደ መደቡ ተዘረጋ። መዳፏ ቆሎ እየጠበቀ አየር ላይ ቆየ። ታይቱ እጇን አልሰበሰበችም።

"ዛሬስ ከብዶኛል፣ አባባ" አለች።